የተምር ፍሬ ትርፍ አይደለም

ውድ እኅቶቻችን፣ ከጅዳ እስከ መካ ሩሰይፋ ባሉ ቤቶች ለእንግዳ ቡናና ተምር ይቀርባል። እንግዳው ሲሄድ በሳህኑ የቀረውን ፍሬ ጠርጋችሁ የምትጥሉት እናንተ ናችሁ። ከአንድ ኪሎ ተምር 100 ግራም ያህል ፍሬ ይወጣል።

ይህ ፍሬ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተቆልቶ ሲፈጭ ካፌይን የሌለበት ቡና ይፈላበታል። ዘይቱ ለሳሙናና ለገላ ቅባት ይሆናል። ዱቄቱ ከመኖ ጋር ተደባልቆ ለበግና ለግመል ይሰጣል። በፋብሪካ ደግሞ አየር በማይገባበት ምድጃ ከስሎ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ሲታከም፣ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይበዛበታል፤ በዚያም ቀለምንና መርዛማ ብረትን ከውኃ ይዞ ያስቀራል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን የጠላውን አተላ ለከብት ያጠጣሉ፤ በሐረርም የቡናው ገለባ ራሱ ተፈልቶ ይጠጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፍሬው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነውና ሳይፈቀድላችሁ በአሠሪ መፍጫ አትሞክሩት፤ መፍጫው ቢሰበር ከደመወዛችሁ እንዳይቆረጥ።

ተምር በአገራችንም በአፋር ይበቅላል። እንግዲህ ስትመለሱ በሻንጣችሁ ልብስ ብቻ ሳይሆን በልባችሁ ይህን እውቀት ይዛችሁ ግቡ፤ ሌላው የጣለው ለእናንተ እንጀራ ሊሆን ይችላልና።