ጎንደር በመጽሐፍና በድምፅ
በቅርቡ አንብበንና አዳምጠን ከጨረስናቸው



ውድ አንባብያን! ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሒራ ዋሻ የወረደላቸው የመጀመሪያው ቃል የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን ከመድረሳ ልጅ ጀምሮ የማያውቅ የለም። ትእዛዙን ማወቅና መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ግን ለየቅል ናቸው። እኛ ባለፉት ወራት ስለ ጎንደርና ስለ አካባቢዋ ደጋ የተጻፉ ጥቂት ሥራዎችን አንብበን ጨርሰናል፤ በድምፅ የተቀረጹትንም አዳምጠናል። ዓላማችን መጻሕፍቱን ከዳር እስከ ዳር መተረክ አይደለም። ያስደሰተንን፣ ያሳዘነንንና ያሳሰበንን ለቤተሰቦቻችሁ ለማካፈል ነው።

የየመኑ ቃዲ በፋሲል ግቢ

መጀመሪያ የያዝነው አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባሉት የየመን ቃዲ የጻፉትን የጉዞ ማስታወሻ ነው። ዐረብኛው «ሲረቱል ሐበሻ» በመባል ይታወቃል። ኢ. ቫን ዶንዘል የተባሉ ሆላንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳትመውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ፋሲል ለየመኑ ኢማም ደብዳቤ ላኩ። ንጉሡ የፈለጉት በቱርኮች እጅ በነበረችው በምጽዋ ፋንታ በበይሉል በኩል የንግድ መንገድ እንዲከፈት ነበር። ኢማሙ ግን ከደብዳቤው የተረዱት ሌላ ነው፤ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መሰላቸው። ቃዲው በዚህ ተስፋ እ.ኤ.አ. በ1647 ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1648 ጎንደር ገቡ። ያሰቡትን ሳያገኙም በ1649 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህን ስናነብ ያስገረመን የአንድ ደብዳቤ ነገር ነው። ላኪው ንግድ ጻፈ፤ ተቀባዩ ሃይማኖት አነበበ። በየቤታችንስ ስንቱ ጠብ የሚነሣው የተጻፈውን ትተን የተመኘነውን በማንበባችን አይደለምን? ሌላው ልባችንን የነካው ቃዲው ቅር ተሰኝተው ሳለ እንኳ ያዩትን ባለመካዳቸው ነው። የፋሲልን ግንብ አድንቀው ጽፈዋል፤ የሠራው ባለሙያ ሕንዳዊ መሆኑን የምንሰማውም ከእርሳቸው ነው። ሙስሊም ጸሐፊ ያላለቀለት ጉዳይ ሲገጥመው ብዕሩን እንዴት መያዝ እንዳለበት ጥሩ ትምህርት ነው።

ቃዲው ከተመለሱ ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ጉባኤ ሰበሰቡ። ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ከቀሃ ወንዝ አጠገብ የነበረው «እስላም ቤት»፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አዋጁን የንጉሡ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። ዕቃውን ተሸክሞ ቁልቁል የወረደው አባወራ በዚያ ሌሊት ለልጆቹ ምን እንዳላቸው ግን ዜና መዋዕሉ አይነግረንም።

በሊማሊሞ የመጣው እንግዳ

ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በ5 ቅጽ ያሳተመው ነው። ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ የወገራን ደጋ አቋርጦ በ1770 ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞቹ ሰፈር ነበር። የሰፈሩን ሰዎች ታታሪና ሠራተኛ ይላቸዋል። ንጉሡ ሲዘምቱ ጓዙን የሚጭኑት፣ ድንኳኑን የሚተክሉትና የሚነቅሉት እነርሱ እንደነበሩ ይተርካል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። ያ ሕዝብ በከተማው ላይኛ ሰፈር እንዳይኖር ተለይቷል፤ ንጉሡ የሚያድሩበትን ድንኳን የሚተክለው ግን እርሱ ነው። ብሩስ ብዙ ይፎክራል፤ ራሱንም ከፍ ከፍ ማድረግ ይወዳል። ስለዚህ እያመዛዘኑ ማንበብ ይገባል። ቢሆንም ይህችን አንዲት ነገር ስላቆየልን አመስግነነዋል።

ሦስተኛው አጭር ጥናት ነው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ስለ ጎንደር ሙስሊሞች ከ1864 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ዘመን የሚመለከት ጽሑፍ «አናል ዴትዮፒ» በተባለው መጽሔት በ2000 አውጥተዋል። ያ ዘመን ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ከጎንደርም ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያነብ ሙስሊም የአባቶቹን መከራ ብቻ ፈልጎ መጽሐፉን መዝጋት የለበትም። የመተማ ሲራራ ነጋዴዎች ከቡና፣ ከሰምና ከዝባድ ጋር ሰውንም ለሽያጭ ይነዱ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። እዚህ ስንደርስ አንገታችንን ደፍተናል። ፍትሕ በራስ ላይም ቢሆን መመስከርን ይጠይቃል። ልጆቻችን የሚያሞግሳቸውን ገጽ ብቻ እየመረጡ ካነበቡ፣ አንብበዋል ልንል አንችልም።

በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፍን በዚያ መንገድ ስንጓዝ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ደግመን አዳመጥነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬድዮ የተረከው ነው። በካሴት የቆየው ድምፅ ዛሬ በእጅ ስልክ ይገኛል።

ታሪኩ የጎጃም ነው፤ የፍቅሩንም ነገር ወጣቶቻችን በማስተዋል እንዲሰሙት እንመክራለን። እኛን የያዘን ግን የባላባቱና የጭሰኛው ጉዳይ ነው። ከመስኮቱ ውጪ የወገራን ማሳ እያየን፣ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር ሲካሰሱ ስንሰማ፣ ግፍ በማንም ላይ ቢደርስ ግፍ መሆኑ ተሰማን። ወጋየሁ ለጉዱ ካሣ አንድ ድምፅ፣ ለፊታውራሪው ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ያን ትልቅ መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ «ያነበቡት» በእርሱ ድምፅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልባችን የሄደው ወደ ቁርኣን ነው። ግብጻዊው ቃሪእ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በድምፅ አስቀርጸዋል። በአገራችን ደግሞ ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት የአማርኛ ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. ታተመ። ከመግሪብ በኋላ አንድ ሩብ ሒዝብ ከአል-ሑሰሪ አዳምጠን የዚያኑ ትርጉም ከቤቱ ልጆች አንዱ ጮክ ብሎ እንዲያነብልን አድርገናል። ጆሮና ዐይን ሲተጋገዙ የሚገኘውን ጥቅም በቤታችሁ ሞክሩት።

ያልተጻፈው መጽሐፍ

ውድ ቤተሰቦች! እነዚህን ሁሉ ጨርሰን መደርደሪያው ላይ ስንመልሳቸው አንድ ነገር አሳሰበን። ስለ ቀድሞው የጎንደር ሙስሊም በእጃችን ከገቡት አንዱን የጻፉት የየመን መልእክተኛ፣ ሌላውን የንጉሥ ጸሐፊ፣ ሌላውን የስኮትላንድ መንገደኛ ናቸው። ሁሉም ከደጅ ሆነው ያዩ ናቸው። የሸማኔው ጉድጓድ፣ የቁርኣን ቤቱ ሉሕ፣ የእናት እንጉርጉሮ ያለበት መጽሐፍ ግን ከጓዳ መውጣት አለበት።

ያ መጽሐፍ ዛሬም በአያቶቻችን አፍ ላይ ነው። የእያንዳንዱ አዛውንት ሞት አንድ ምዕራፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ወጣቶች! ዘፈን የምትሰሙበት ስልክ ድምፅ መቅረጽም ይችላል። ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና ጠይቁ፦ ቤተሰባችን ከየት መጣ? ቁርኣን ያስቀራችሁ ማን ነበር? ወደ መተማ የተሰደደ ዘመድ ነበረን? ለሰርግ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለብቻ የሚታረደውን ማን ያርድ ነበር? በሐዘንስ ማን ቀድሞ ይደርስ ነበር? የሰማችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምራችሁ በደብተር ገልብጡት። ቃዲው ቅር እየተሰኙ ግንቡን እንዳደነቁ፣ እናንተም የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም እኩል ጻፉ።

ሥራውን እስከ ነገ አታቆዩት። አላህ ለአዛውንቶቻችን ዕድሜና ጤና፣ ለወጣቶቻችን ትዕግሥትና እውነተኛ ብዕር ይስጥልን። አሚን።