ከመኪናው ሲወርድስ? የመጀመሪያ ሹፌራችሁን ለ«ሳይበርፐንክ ሬድ» ስትሠሩ

«ሳይበርፐንክ 2077»ን የተጫወታችሁ ወይም «ኤጅረነርስ»ን በኔትፍሊክስ ያያችሁ ናይት ሲቲን ታውቋታላችሁ። የዚህ ዓለም መነሻ ግን ማይክ ፖንድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። በ2020 የወጣው እትሙ «ሳይበርፐንክ ሬድ» ይባላል፤ ታሪኩ የሚካሄደው በ2045 ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንዱ ጓደኛችሁ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችሁ በየራሳችሁ ገጸ ባሕሪ ትገባላችሁ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ባለ 10 ጎን ዳይስ ይጣላል።

ከ10ሩ የሙያ ዓይነቶች ዛሬ የምናየው ኖማድን ነው፦ ከቤተሰቡ ጋር በኮንቮይ የሚኖር የመኪና ሰው። «ሞቶ» የሚባል የራሱ ችሎታ አለው፤ ሲጀምር 4 ነው። ይህ ቁጥር በመንዳትም በመጠገንም ላይ ይደመራል።

አዲስ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሹፌር ነኝ» ብሎ መንዳትን እስከ ጣሪያው፣ እስከ 6 ይሞላዋል። እስቲ እንደምረው።

ሪፍሌክስ 8፣ መንዳት 6፣ ሞቶ 4፦ ጠቅላላ 18። ከበድ ያለ ፈተና ለማለፍ ከ15 መብለጥ ነው የሚያስፈልገው። ዳይሱ ሳይጣል አልፋችሁታል ማለት ነው!

መንዳትን 2 ብቻ ብታደርጉትስ? ድምሩ 14 ይሆናል። ዳይሱ ላይ 2 እና ከዚያ በላይ ከመጣ አለፋችሁ። 1 ከመጣ ግን ጣጣ ነው፤ ሌላ ዳይስ ተጥሎ ይቀነስባችኋል። ይሄ ደግሞ 18 ያለውንም አይምርም።

የተረፉትን 4 ነጥቦች ሽጉጥ ላይ አድርጓቸው። እሱም የሚሠራው በሪፍሌክስ ስለሆነ 8ቷ እዚያም ታገለግላችኋለች። ምክንያቱም ታሪኩ ሁሌ መንገድ ላይ አይደለም። ጓደኞቻችሁ ሕንጻ ውስጥ ሲታኮሱ እናንተ ውጭ ሞተር አስነስታችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጠብቁ ማምሸት ያሰለቻል።

መኪናውስ? በእያንዳንዱ የሞቶ ደረጃ ወይ አንድ ተሽከርካሪ ትጨምራላችሁ፣ ወይ ያለውን ታሻሽላላችሁ። ስለዚህ ስትጀምሩ 4 ምርጫ አላችሁ። ከመምረጣችሁ በፊት ጓደኞቻችሁን ቁጠሩ። ሞተር ሳይክል ያምራል፤ ግን አራት ሰው ማን ያሳፍር? የእኛ ምክር፦ አንድ መኪና ውሰዱ፣ ቀሪውን ጥይት የማይበሳው መስታወትና የመሳሰሉት ላይ አውሉት።

ደግሞ እንዳትረሱ፦ መኪናው የእናንተ አይደለም፣ የቤተሰቡ ነው። የአባቱን መኪና ለምኖ የወጣ ልጅ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ ቁልፉን ማን ሰጣችሁ? ተጋጭታችሁ ብትመለሱ ማን ፊት ትቆማላችሁ? መልሱን ለታሪክ መሪው ንገሩት። ቁጥሩ መኪናውን ያስኬደዋል፤ ሹፌሩን ሰው የሚያደርገው ግን ይሄ ነው።

የእናንተ ሹፌር ቁልፉን ከማን ነው የተቀበለው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።