ማርኩ ለአወዳደቁ ይሰጥ

የጭቃ አኒሜሽን በትምህርት ቤት ፕሮጀክትነት ሲታዘዝ ማርኩ የሚሄደው ዓይን ቶሎ ወደሚያርፍበት ነው፤ ወደ አሻንጉሊቱ ማማር፣ ወደ ቀለሙ፣ ከበስተኋላ ወደተሣለው ጎጆና ተራራ። በሙያው ውስጥ ላለን ሰዎች ግን ዋናው ሥራ ጭቃው ከአንዱ ፎቶ እስከ ቀጣዩ ስንት ሚሊ ሜትር ተንቀሳቀሰ፣ የት ላይ ዘገየ፣ የት ላይ ፈጠነ የሚለው ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ፕሮጀክት ከእጅ ሥራ ይልቅ ጊዜንና ርቀትን የመለካት ትምህርት አድርገው እንዲይዙት፣ ማርኩንም በዚያው ሚዛን እንዲሰጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ማስረጃውን ከሁሉ ከሚቀለው፣ ከሚወድቅ ኳስ እንጀምር። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ የጭቃ አኒሜሽን ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ፎቶ ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆዩት በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃቸዋል። ለተማሪም የሚስማማው ይኸው ልክ ነው። ካለበት ተለቆ የሚወድቅ ነገር በመጀመሪያው ፎቶ ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ 3.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በሁለተኛው 10.2፣ በሦስተኛው 17፣ በአራተኛው 23.8 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። የመጀመሪያውን አንድ ብንለው ተከታዮቹ 3፣ 5 እና 7 ናቸው፤ ጋሊልዮ ያገኘው የጎዶሎ ቁጥሮች ሕግ ማለት ነው። አሻንጉሊቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሚሆን ልጅን የሚወክል ከሆነ ደግሞ ሁሉም ለአሥር ይካፈላል፤ 3.4 ሚሊ ሜትር፣ 10.2 ሚሊ ሜትር እያለ ይቀጥላል። ይህን ያላሰላ ተማሪ ኳሱን በእኩል እርምጃ ያወርደዋል። ስክሪን ላይ ሲታይም ኳሱ አይወድቅም፤ በገመድ ወደ ጉድጓድ እንደሚለቀቅ ባልዲ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ኳሱን አየር ላይ ለማንጠልጠል መቸገርም አያስፈልግም፦ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አዙሮ፣ ኳሱን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ወረቀት አስተኝቶ፣ በማስመሪያ እየለኩ መግፋት ነው። የሒሳቡ ሬሾና የፊዚክሱ ፍጥነት እዚያው ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

የታወቁትን የጭቃ ፊልሞች ያየ ሰው ይህ የእኔ የግል ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢቢሲ የልጆች የሥነ ጥበብ ፕሮግራም ላይ የታየው ሞርፍ ጌጥ የሌለው፣ ከአንድ ቀለም ጭቃ የተሠራ ትንሽ ሰው ነው። የአኒሜሽን ሠሪው ኒክ ፓርክ የፈጠረው ውሻ ግሮሚት አፍ እንኳ የለውም፤ ቁጣውም ትዝብቱም የሚነበበው ከግንባሩ መጠነኛ መነሣትና መውረድ ነው። ደግሞም ግሮሚትን ያስተዋወቀን «ኤ ግራንድ ዴይ አውት» የተባለው ፊልም የተጀመረው በ1982 እ.ኤ.አ.፣ ፓርክ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ሳለ፣ በመመረቂያ ሥራነት ነው፤ ያለቀው በ1989 ነው። የተማሪ ፕሮጀክት ነበር ማለት ነው። ጭቃው ራሱ ከክፍል የወጣ ነው፦ ፕላስቲሲንን በ1897 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ዊልያም ሃርበት በባዝ ከተማ የሥነ ጥበብ መምህር ነበር፤ ለተማሪዎቹ ቶሎ የማይደርቅ ጭቃ ይፈልግ ነበር። የሸክላ ጭቃ በቀረጻ መሐል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቅባት ያለበት ፕላስቲሲን አይደርቅም፣ በሚያቃጥል አምፖል ሥር ግን ይለሰልሳል።

«ይህ እኮ የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ጭቃ እየነኩ ይደሰቱ» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ስለ ደስታው ልክ ናቸው። ግን ውበቱም ቢሆን ለእንቅስቃሴው መታዘዝ አለበት። ቀጫጭን እግር ያለው ያማረ አሻንጉሊት ቀረጻው ገፋ ሲል ይንጋደዳል፤ እግረ ሰፊው፣ አጭሩና ደንዳናው ጸንቶ ይቆማል። በጥቃቅን ጌጥ የተሸፈነ ፊት ጣት በነካው ቁጥር ይበላሻል። እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ያሰበ ተማሪ ቅርጹንም በዚያው ልክ ያበጃል፤ ይህ ደግሞ ከሥነ ጥበብ ትምህርት የሚያጎድለው ነገር የለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የጊዜ ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ እስከ ስልሳ የሚደርስ ተማሪ፣ አንድ ወይም ሁለት ስልክ፤ በዚህ ላይ ሚሊ ሜትር መቁጠር የማይሆን ይመስላል። ችግሩን የሚያባብሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የትእዛዙ ርዝመት ነው። የሁለት ደቂቃ ፊልም ያዘዘ መምህር 1,440 ፎቶ አዟል፤ አንዱ ፎቶ አንድ ደቂቃ ቢወስድ 24 ሰዓት ቀረጻ ነው። ይህን የሚችል ሕፃን የለም። ስለዚህ ተማሪው ጭቃውን በትልልቅ ዝላይ እየገፋ ይጨርሳል፣ አለዚያም ሥራው ቤት ሄዶ በታላቅ ወንድም ወይም በአባት እጅ ያልቃል፤ ማርኩም የእነሱ ይሆናል። በአንጻሩ አምስት ሰከንድ 60 ፎቶ ብቻ ነው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ ይገባል። አራት አራት ሆነው ቢቧደኑ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ የየፎቶውን ርቀት በሠንጠረዥ ይመዘግባል፣ አንዱ ብርሃኑን ይጠብቃል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ሥራ አይደለም፦ ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ ደመና በሸፈነው ቁጥር ይለዋወጣል፣ ስልኩም በራሱ ብርሃን ሲያስተካክል ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። መጋረጃ ዘግቶ በአንድ አምፖል መሥራት፣ የካሜራውን ብርሃንና ፎከስ መቆለፍ፣ ስልኩን አጥብቆ ማሰርና በብዙ ስልኮች ላይ እንደሚቻለው በኢርፎን ቁልፍ ማንሣት ይበቃል። ስልኩ ለሁሉም ቡድን ካልደረሰ ተራ የሚጠብቁት ሠንጠረዣቸውን አስቀድመው ይሙሉ፤ ግማሹ ትምህርት እዚያ ነው።

በመጨረሻ «አሁን ኮምፒውተር መሐሉን ይሞላል፣ ጽሑፍ ሰጥተኸው ቪዲዮ ያወጣል፤ ልጆችን በዚህ ማድከም ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሚፈለገው ፊልም ቢሆን ኖሮ መልስ አይኖረኝም ነበር። እዚህ የሚፈለገው ግን ተማሪው ክብደት ያለው ነገር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቁ ነው፤ ያንን ፕሮግራሙ ሊያውቅለት አይችልም። መምህሩም ማን እንደሠራው ለመለየት አይቸገርም። ሠንጠረዡን አስቀርቦ «ወለሉ ላይ ያረፈው ኳስ በፊልሙ ላይ ድንጋይ እንዲመስል ከፈለግህ የትኛውን ፎቶ ትለውጣለህ?» ብሎ ይጠይቅ። የሠራው ልጅ የአወዳደቁን ቁጥሮች አይነካም፤ ከባድም ቀላልም እኩል እንደሚወድቅ ያውቃል። የሚያሳየው ከነጠረበት በኋላ ያሉትን መስመሮች ነው፦ ንጥሪያውን ያሳጥራል ወይም ጨርሶ ይሰርዛል።