በፎገራ ሜዳ የገበሬ ቤተ ሰብ የክረምት ኑሮና ሥራ

ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ለከተማ ሰው ይህ ወራት መንገድ የሚበላሽበት፥ ጉዞ የሚቀርበት፥ እሳት ዳር የሚቀመጡበት ነው። ለፎገራ ገበሬ ግን ሥራው ከሁሉ የሚበዛበት፥ እህሉም ከሁሉ የሚያንስበት ነው። አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድነት ቢመለከቱ ለገበሬውም ለመንግሥትም ይጠቅማል።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፥ ከተማውም ወረታ የሆነ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ ውኃ ይዞ ያቈያል፤ ዝናም በበረታም ጊዜ ወንዞቹ ሞልተው እርሻውንና ቤቱን ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ. ም. እና በ2012 ዓ. ም. ክረምት ብዙ ሕዝብ ከቤቱ የተፈናቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ውኃ ከደጋ ያወረደውን ለም አፈር ትቶ ይሄዳል። በ1970ዎቹ ዓ. ም. የሩዝ እርሻ ከተጀመረ ወዲህ፥ ቀድሞ ለከብት ግጦሽ ይውል የነበረው ረግረግ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል።

ሩዙ ከተዘራ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ዋናው ሥራ አረም ነው። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በጭቃና በውኃ ውስጥ ጐንበስ ብለው ይውላሉ። በጊዜው ያልታረመ እርሻ በኋላ ብዙ ጉልበት ቢያፈስሱበትም አይመለስም፤ ስለዚህ ጐረቤት ከጐረቤቱ ጋራ በወንፈል ይረዳዳል፥ አቅም ያለውም ደቦ ይጠራል። ነሐሴ 1 ቀን የሚገባው ጾመ ፍልሰታ በዚሁ ድካም ላይ ይውላል። እናት ከአረም ስትመለስ ዕረፍት የላትም፤ በበጋ ያከማቸችውን ኩበት ከዝናም ጠብቃ እሳት ታነዳለች፥ ትጋግራለች። ልጆችም ከብቱን ከውኃው አሽሽተው ወደ ጉብታ ያወጣሉ።

ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነውና፥ በዚህ ጊዜ የአምናው እህል ያልቃል፤ ገበያውም ይወደዳል። ያን ጊዜ ድኻው ገበሬ ሁለት በር ብቻ ይቀርለታል። አንዱ እህል ተበድሮ በመኸር ከነወለዱ መክፈል ነው። ሁለተኛው የራሱን አረም ትቶ በሰው እርሻ ለቀን ምንዳ መዋል ነው። ይህ ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የዛሬን እራት ሲያገኝ የከርሞን ጐተራ ያጣልና።

ከዚህም ሌላ የጤና ጉዳይ አለበት። ውኃው ሲጐድል ገበሬው በእርጥቡ መሬት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጓያ በችግር ጊዜ ለብዙ ሳምንታት ያለ ሌላ እህል ቢበሉት እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። ስለዚህ ሩዙ በጊዜው የታረመለት ቤተ ሰብ ከረኃብ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ደዌ ይጠበቃል።

እንግዲህ በክረምት ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። አንደኛ፥ አስተዳዳሪው አጣዳፊ ላልሆነ ስብሰባና ክርክር ገበሬውን ከአረም አይጥራው፤ ቀጠሮውን ወደ ጥር ያሻግርለት። ሁለተኛ፥ ሰፊ እርሻ ያለው ባለይዞታ አራሚ ሲቀጥር፥ አራሚው ለራሱ እርሻ የሚሆን ቀን ይተውለት። ሦስተኛ፥ የእህል ብድርና እርዳታ የሚሰጥ ከሆነ በሰኔ ይሁን፤ በመስከረም የመጣ እህል የታጣውን አረም አይመልስም። አራተኛ፥ በርብና በጉማራ ዳር ላለው ሕዝብ ለሰውም ለከብትም የሚሆን ከፍተኛ ቦታ ዝናሙ ሳይበረታ ይሰናዳ።