አንድ አየር፣ ሦስት ዕድሜ፦ የሙቀት ምቾትና የሰውነት አቅም



ንግግሬን ሁላችንም በምናውቀው ትዕይንት ልጀምር። የኅዳር ምሽት ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ። በአንድ ሳሎን ውስጥ አያት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ያነባል፤ በአልጋው ላይ ደግሞ አራስ ሕፃን ተኝቷል። የክፍሉ አየር አንድ ነው። ሦስቱ ሰውነቶች ከዚያ አየር ጋር የሚያደርጉት የሙቀት ልውውጥ ግን አንድ አይደለም። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፦ አየሩ ተስማምቶኛል የሚል ሰው በእርግጥ ከአደጋ የራቀ ነውን?

አስቀድሞ ቃሉን እንወስን። የሙቀት ምቾት ማለት በሙያው ትርጓሜ ሰው በአካባቢው ሙቀት መርካቱን የሚገልጽ የአእምሮ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ምቾት ስሜት እንጂ የጤና ልኬት አይደለም። ስሜቱን የሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች ስድስት ናቸው። የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመነጨው ጨረር፣ እርጥበትና የነፋስ ፍጥነት ከአካባቢው የሚመጡ ናቸው፤ የምንለብሰው ልብስና የምንሠራው ሥራ ደግሞ ከራሳችን። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ፖውል ኦሌ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ስድስቱን በአንድ ቀመር አያያዛቸው። ቀመሩ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ከብርድ እስከ ሐሩር በሚዘልቅ ባለሰባት ደረጃ መለኪያ ላይ በአማካይ የት እንደሚያርፉ ይተነብያል። እስከ ዛሬም የሕንፃ ደረጃዎች የሚመሩት በዚሁ ቀመር ነው። ይሁን እንጂ በሙከራዎቹ የተሳተፉት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ በቀመሩም ውስጥ ዕድሜ ራሱን የቻለ ስፍራ የለውም።

ፋንገር አረጋውያንን ጨርሶ አልዘነጋም። በሙከራ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ጸጥ ብለው የተቀመጡ አረጋውያንና ወጣቶች የመረጡት ሙቀት ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ በእርጅና ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት ቢቀንስም ከቆዳ በትነት የሚባክነው ሙቀት አብሮ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይካካሳሉ አለ። ታዲያ አያታችን ጋቢ የደረቡት ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ ያለ አረጋዊ ከወጣቱ ያነሰ ይንቀሳቀሳል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ደግሞ ብዙ ሙቀት አያመነጭም። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ምርጫ እና መቋቋም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጠነኛ አየር ሁለቱ ዕድሜዎች ተመሳሳይ ነገር ሊመርጡ ይችላሉ፤ አየሩ ከልኩ ሲያልፍ ግን የመቋቋም አቅማቸው ይለያያል።

ዕድሜ ሲገፋ ላብ ይቀንሳል። በሙቀት ጊዜ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ያንሳል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ የቆዳ የደም ሥሮች እንደ ቀድሞው አጥብቀው አይዘጉም። የጥም ስሜት ይደክማል፤ የሙቀትን ለውጥ ለይቶ የማወቅ ችሎታም ይደበዝዛል። ለደም ግፊት የሚወሰዱ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ደግሞ የሰውነትን ውኃ ይቀንሳሉ። በዚህ ምክንያት አረጋዊው “ደህና ነኝ፣ አልሞቀኝም” በሚሉበት ሰዓት ሰውነታቸው አደጋ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ይህ በገሃድ የታየው ከአገራችን ርቆ በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በደረሰው የሙቀት ማዕበል በዚያች አገር ከተለመደው በላይ 15,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም 75 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው ነበሩ። በኋላ የተደረገው ጥናት ለሞት ካጋለጡት ነገሮች መካከል ሙቀት የማይከላከል ቤትንና በጣሪያ ሥር የሚገኝ መኝታ ክፍልን አገኘ። ይህን የማነሣው ጣሪያው ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በቀን የፀሐይን ሙቀት ወደ ነዋሪው ያወርዳል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ ሰማይ ይለቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ያው ቆርቆሮ በቆላ የቀን ሐሩር፣ በደጋ የሌሊት ብርድ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ እንደሚችል ያመለክታል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። የአራስ ሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ፈጥኖ ይባክናል። እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም፤ የሚመካው በትከሻውና በአንገቱ አካባቢ ባለው ቡናማ ስብ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርዱን በቃል አይናገርም። የመጀመሪያው የሰውነት ማጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲዘገይ፣ ሕፃኑም ከእናቱ ገላ ጋር ተለጥፎ እንዲቆይ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ክፍሉን በከሰል ለማሞቅ በርና መስኮት መዝጋት ግን ምቾትን በሕይወት መለወጥ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና።

ወጣቱስ? በሸሚዝ ብቻ የተቀመጠው የልጅ ልጅ ከሁሉ የተሻለ አቅም አለው፤ ሆኖም ያው አቅም ወደ ከባድ ሥራ ያሰማራዋል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርዱትን ወጣቶች አስቡ። የሚሠራ ጡንቻ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሰውነት ከሐሩር ጋር ለመላመድ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። አደጋው የሚከብደው እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሥራው ቀስ በቀስ እንዲጨምር፣ ውኃና ጥላ እንዲቀርብ ማድረግ የአሠሪው ኃላፊነት ሊሆን ይገባል፤ ወጣቱ “እችላለሁ” ማለቱ በቂ ማስረጃ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። የምቾት ስሜት ታማኝ ምስክር የሚሆነው ጤናማ አዋቂ በመጠነኛ አየር ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ነው። በሕፃኑ ዘንድ ምስክሩ ዲዳ ነው፤ በአረጋዊው ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በወጣቱ ሠራተኛ ዘንድ በድፍረትና በእንጀራ ጉዳይ ይሸፈናል። ስለዚህ በመካከላችን ያላችሁ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ቤት ስትነድፉ፣ የጤና ተማሪዎችም የቤት ለቤት ጉብኝት ስታደርጉ “ተመችቷችኋል?” ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ግቡ፤ በቤቱ ከሁሉ የሚያንሰውና ከሁሉ የሚያረጀው ሰው የት እንደሚተኛ ጠይቁ፤ በጣሪያውና በአልጋው መካከል ኮርኒስ መኖሩን ተመልከቱ። የመመረቂያ ጥናት ስትሠሩም መጠይቁን በቅርብ ላገኛችኋቸው ጓደኞቻችሁ ብቻ አትስጡ፤ እንዲህ ካደረጋችሁ የሃያ ዓመት ወጣትን ምቾት ለክታችሁ የሁሉ ሰው ነው ትላላችሁ።