የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ ላይ

በላስታ ደጋ የምትገኘው ላሊበላ ዐሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሏት መሆኗን ዓለም ያውቃል። ይህንኑ ቅርስ በራሱ ፊደል በድረ ገጽ ለማስተዋወቅ የሚሻ ወጣት ግን ሲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ጥበብ መማር ይገባዋል።

ይህ ጥበብ በ1996 እ.ኤ.አ. ደንቡ የወጣለት ሲሆን፥ ተግባሩ ጽሑፍንና መልኩን ለይቶ መያዝ ነው። የብራና ጸሐፊ ቃሉን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ያደምቃል። በድረ ገጽም ቃሉ በአንድ ፋይል፥ ቀለሙና የመስመሩ ርቀት በሌላ ይጻፋል። ስለዚህ አንዲት ትእዛዝ ብትለወጥ መቶው ገጽ በአንድነት ይለወጣል።

ለፊደላችን ሦስት ነገር ማሰብ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ቢመዘገብም፥ የፊደሉ ቅርጽ በመሣሪያው የሌለው አንባቢ ባዶ ሳጥን ብቻ ያያል። በውጭ አገር ያለ የላስታ ተወላጅ የአገሩን ስም እንዳያጣ፥ እንደ ኖቶ ያለውን ነጻ ቅርጽ «ፎንት-ፌስ» በተባለው ትእዛዝ ከገጹ ጋር መላክ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ መለጠፍ አይገባም። እንዲህ ያለው ቃል በፍለጋ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ለዓይነ ስውራንም በድምፅ ለመነበብ አይመችም።

ሦስተኛ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን በተራ ለመዘርዘር «ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ» ብሎ ማዘዝ ይበቃል፤ መሣሪያው ራሱ ከ፩ እስከ ፲፩ ይቈጥራል።

ስሕተት ቢፈጠር፥ በብራውዘሩ ውስጥ ያለው መመርመሪያ የትኛው ትእዛዝ እንደሚሠራና የትኛው እንደተሻረ ያሳያል።

ደንጊያ ፈልፍለው የሠሩት አባቶች አንድ ጊዜ የቈረጡትን መልሰው ሊተክሉት አይችሉም ነበር። ለእኛ ግን የሳትነውን ማረም ተፈቅዶልናልና፥ ወጣቶች ሳይፈሩ ይሞክሩ።