በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ስለ ዕጢዎቻችን፣ ስለ ሆርሞንና ስለምንገዛው ጨው



ችግር በችግር ላይ ሲደራረብብን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። አባባሉ የሁለት ሕመሞችን ስም ይዟል። ሁለቱም አንገት አካባቢ ያብጣሉ፤ ሁለቱም የሚይዙት ዕጢን ነው። ነገር ግን ዕጢዎቹም የሕመሞቹ መነሻም ይለያያሉ። ልዩነቱን ካወቅን ሰውነታችን በሆርሞን እንዴት እንደሚመራ ለመረዳት አይከብደንም። የእንቅርት ነገር ደግሞ በየቤታችን ካለው የጨው ዕቃ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ዕጢ ሁሉ በሽታ ነውን?

«ዕጢ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ካንሰር ወይም ሌላ እብጠት ነው፤ ቃሉ ለእብጠትም ያገለግላልና። እዚህ ላይ ግን ዕጢ የምንለው ለሰውነት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር የሚያመነጨውን ጤናማ የአካል ክፍል ነው።

ዕጢዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቱቦ አላቸው፤ ምራቅ፣ እንባና ላብ የሚያመነጩት ከእነዚህ ይመደባሉ። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ በቫይረስ የሚመጣ ሕመም ነው። ሁለተኛዎቹ ቱቦ የላቸውም፤ ያመነጩትን በቀጥታ ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ በደም እየተጓዘ ለሌላው የአካል ክፍል ትእዛዝ የሚያደርሰው ንጥረ ነገር ሆርሞን ይባላል።

የሆርሞንን ሥራ ፆመኛ ሰው በራሱ ላይ ያየዋል። በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃ፣ በራያ ቆላ ሙቀት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት እናስብ። ከሱሑር ወዲህ ምግብም ውኃም አልተቀመሰም። በደም ውስጥ ያለው ስኳር መቀነስ ሲጀምር ቆሽት ግሉካጎን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ያወጣል። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ደግሞ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ በሆርሞን ታዝዛለች፤ በዚያ ሰዓት ሽንት የሚያንሰውና ቀለሙ የሚደምቀው ስለዚህ ነው። ካፈጠርን በኋላ ተራው የኢንሱሊን ይሆናል፤ በደም ውስጥ የጨመረውን ስኳር ወደ ሕዋሳት ያስገባል። አንዱ ሲያንስ ሌላው ይጨምራል፤ ሚዛኑም ይጠበቃል።

አንገት ለምን ያብጣል?

ከጉሮሮ ፊት ለፊት፣ በታችኛው የአንገት ክፍል፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚቀይርበትን ፍጥነት፣ የልብን ምት፣ የሕፃናትን እድገትና የአንጎልን አሠራር ይቆጣጠራል። ይህን ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ግድ ይላል፤ ሰውነት ደግሞ አዮዲንን ራሱ አይፈጥርም፣ ከምግብ ብቻ ያገኛል።

አዮዲን ሲያጥር የታይሮይድ ሆርሞን በደም ውስጥ ይቀንሳል። ፒቱታሪ ይህን ስታይ «ጨምር» የሚል የራሷን ሆርሞን ወደ ታይሮይድ ትልካለች። ታይሮይዱ ግን ጥሬ ዕቃው የለውም። ትእዛዙ ሲደጋገምበት ያለችውን ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ሲል ራሱ እያደገ ይሄዳል። እንቅርት የሚባለው ይህ ነው። ከዚህም የምንረዳው አብዛኛው እንቅርት እርግማን ወይም የዘር ነውር ሳይሆን የጎደለውን ለማሟላት የሚደክም ዕጢ መሆኑን ነው። ሌሎች የታይሮይድ ሕመሞችም አንገትን ሊያሳብጡ ስለሚችሉ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገን መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ይመከራል። አንድ ሰው በ60 ዓመት ዕድሜው የሚያስፈልገው ሁሉ ቢደመር ከ3 ግራም ብዙም አይበልጥም። ሆኖም በየጊዜው መግባት አለበት። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ባጠቡት አገር አዮዲኑም አብሮ ስለሚታጠብ እህሉ ብቻውን አያሟላውም። ስለዚህ ዓለም የመረጠው መንገድ ሁሉም ሰው በሚበላው ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ነው።

ጨዋችን የመጣበት መንገድ

አገራችን ቀደም ሲል ብዙውን ጨው የምታገኘው ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያው ወደ አፋሩ የአፍዴራ ጨው ዞረ። ጨው አልጠፋም፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤተሰብ በ15ቱ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ አለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ ጨው አዮዲን አለው ማለት በቂ አለው ማለት አይደለም። ፀሐይ፣ እርጥበትና ረጅም ማከማቻ አዮዲኑን ይቀንሱታል፤ በተከፈተ ጆንያ ተሰጥቶ የሚሰፈር ጨውም ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ዋናው ጉዳት ከአንገት በላይ ነው

ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን አይሠራም፤ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እናትየው አዮዲን ካጠራት ፅንስ ሊወርድ፣ ልጁም የማሰብ ችሎታው ተጎድቶ፣ እጥረቱ ከከፋ ደግሞ መስማት ተስኖት ሊወለድ ይችላል። ይህ ጉዳት ከደረሰ በኋላ አይመለስም፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። እናቶችና እህቶቻችን በተለይ ሊያስቡበት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው እንግዛ። ለከብት ተብሎ የሚሸጠውን ለገበታ አናውል። ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀን እናስቀምጥ፤ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል እንጨምር። ጨው ማብዛት ግን መፍትሔ አይደለም፤ የደም ግፊትን ያመጣል። በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማለፍ የለበትም።

ሒጃብ ወይም ሻሽ አንገትን ስለሚሸፍን እብጠቱ ሳይታይ ሊያድግ ይችላል። ቤት ውስጥ በመስታወት ፊት ቀና ብለን ውኃ እንዋጥ፤ ስንውጥ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካየን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ያልተለመደ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት የሆርሞኑን ማነስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የክብደት መቀነስና ሙቀት አለመቻል ደግሞ መብዛቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። መብጣት ወይም መተኮስ ለቁስልና ለደም መፍሰስ ይዳርጋል እንጂ የጎደለውን አዮዲን አይተካም። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ በራሳቸው አያቋርጡ።

ጤና የአላህ አማና ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጨው ስንገዛ ጽሑፉን አንብበን እንግዛ፤ ማንበብ ለማይችሉት እናቶቻችንም እናንብብላቸው።